ዊኪፒዲያን የሚጽፉት ሰዎች ወዴት ሄዱ?

ስለ አንድ ሰው፣ ስለ አንድ ከተማ ወይም ስለ አንድ በሽታ ጎግል ላይ ስንፈልግ ዊኪፒዲያ ከላይ ከሚመጡት ውስጥ አይጠፋም። ተማሪው ለቤት ሥራው ይከፍተዋል። ጋዜጠኛው ቀን ለማጣራት ይከፍተዋል። ሐኪሙም ቢሆን አልፎ አልፎ ጎራ ይላል። ይህን ሁሉ የሚጽፈው ግን ደመወዝተኛ አይደለም። ከሥራ መልስ፣ ከእንቅልፉ ቀንሶ የሚጽፍ በጎ ፈቃደኛ ነው። የእነዚህ ሰዎች ቁጥር በአንድ ወቅት ሽቅብ ተተኩሶ፣ ወዲያው ማሽቆልቆል ጀመረ።

ነገሩ አዲስ አይደለም። አሁን እንደገና መነጋገሪያ ያደረገው ሌላ ዜና ነው። ዊኪፒዲያን የሚያስተዳድረው ዊኪሚዲያ ፋውንዴሽን በኦክቶበር 2025 አንድ መግለጫ አወጣ። ገጾቹን የሚጎበኘው ሰው ከአንድ ዓመት በፊት ከነበረው 8 በመቶ ገደማ ቀንሷል አለ። ሰዉ መልሱን ከቻትቦት (ሲጠየቅ በጽሑፍ ከሚመልስ ፕሮግራም) እና ጎግል ራሱ ከሚያቀርበው ማጠቃለያ ስለሚያገኝ፣ ወደ ገጹ መግባት ትቷል። አንባቢ ከቀነሰ ደግሞ ጸሐፊ ከየት ይመጣል? ጥያቄው ይህ ነው። ለመመለስ ግን ትንሽ ወደኋላ መሄድ ያስፈልጋል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ለመሆኑ ማነው የሚጽፈው?

በዊኪፒዲያ ገጾች አናት ላይ ለማረም የሚያስችል ቁልፍ አለ። እሱን የነካ ሰው ጽሑፉን መለወጥ ይችላል። ለአብዛኞቹ ገጾች አካውንት መክፈት እንኳን ግዴታ አይደለም። ለውጡ ግን ይመዘገባል። ምን እንደተለወጠ፣ መቼና በማን እንደተለወጠ በገጹ ታሪክ ውስጥ ተዘርዝሮ ይቀመጣል፤ ማንም ገብቶ ሊያየው ይችላል። የተሳሳተ ለውጥ ሲገኝ ገጹን ወደ ቀድሞው መመለስ የአንድ ጠቅታ ሥራ ነው።

ይህን የሚሠራ ሰው አርታኢ ይባላል። የዊኪፒዲያን ጤንነት የሚከታተሉ ሰዎች በተለይ የሚቆጥሩት "ንቁ አርታኢ" የሚሉትን ነው። በአንድ ወር ውስጥ ቢያንስ 5 ለውጥ ያደረገ ማለት ነው። ብዙ አይደለም። የፊደል ግድፈት ማረም፣ ነጠላ ሰረዝ ማስገባት ሁሉ ይቆጠራል።

ፋውንዴሽኑ መቀመጫው ሳን ፍራንሲስኮ ነው። ሰርቨሮቹን ያስተዳድራል፣ ሶፍትዌሩን ይሠራል፣ ገንዘብ ያሰባስባል። "እባክዎ ይለግሱ" እያለ ብቅ የሚለው ማስታወቂያ የእሱ ነው። በዓመት ከ150 ሚሊዮን ዶላር በላይ ያስገባል። "ታዲያ ጸሐፊ ቀጥረው አያጽፉም እንዴ?" የሚል ሰው አይጠፋም። አያጽፉም። ገጹ ላይ ምን ይጻፍ፣ ምን ይሰረዝ የሚለውን የሚወስኑት በጎ ፈቃደኞቹ ናቸው። ፋውንዴሽኑ በዚያ ውስጥ እጁን አያስገባም። ብሩ ብዙ መሐንዲስ ይቀጥራል እንጂ አንድም አርታኢ አይገዛም።

ከመቶ አንባቢ አብዛኛው መቼም ምንም አይጽፍም። በ2006 የድረ ገጽ አጠቃቀም ባለሙያው ያኮብ ኒልሰን ይህን በሦስት ቁጥር አስቀምጦታል፦ 90፣ 9፣ 1። ሰው በሚሳተፍባቸው ድረ ገጾች ላይ 90ው ያነባል፣ 9ኙ አልፎ አልፎ አንድ ነገር ጣል ያደርጋል፣ ሥራውን የሚሠራው 1ዱ ነው። ቁጥሩ ግምታዊ ነው። ዊኪፒዲያ ላይ ደግሞ ልዩነቱ ከዚህም ይሰፋል። ስለዚህ ጥቂት ሺህ ሰው ሲጎድል ጥቂት ይምሰል እንጂ፣ የጎደለው ከዚያች ከ1ዷ ላይ ነው።

ቁጥሩ ምን ያህል ወረደ?

ዊኪፒዲያ የተጀመረው በጃንዋሪ 2001 ነው። ጂሚ ዌልስ እና ላሪ ሳንገር ከዚያ ቀደም ኑፒዲያ የሚባል የኢንተርኔት መዝገበ ዕውቀት ጀምረው ነበር። ጽሑፎቹን ባለሙያ እንዲጽፋቸው፣ ሌላ ባለሙያ እንዲመረምራቸው፣ በሰባት ደረጃ እንዲያልፉ ተወሰነ። አልሄደም። በመጀመሪያው ዓመት ተጠናቀው የወጡት ጽሑፎች ከሁለት ደርዘን አይበልጡም። ዊኪፒዲያ የመጣው ለኑፒዲያ ረቂቅ ማዘጋጃ ተብሎ ነበር። ማንም ገብቶ ይጻፍ ሲባል ግን ጎርፍ ሆነ። የእንግሊዝኛው ዊኪፒዲያ በማርች 2006 አንድ ሚሊዮን ጽሑፍ ሞላ። ከዓመት ተኩል በኋላ ሁለት ሚሊዮን ገባ።

ጣሪያው ማርች 2007 ነው። በዚያ ወር የእንግሊዝኛው ዊኪፒዲያ ወደ 51,000 የሚጠጉ ንቁ አርታኢዎች ነበሩት። ከዚያ መውረድ ጀመረ። በ2013 ወደ 31,000 ገደማ ደረሰ። በስድስት ዓመት ውስጥ ከአምስቱ ሁለቱ የሉም ማለት ነው። አስገራሚው ነገር፣ በእነዚሁ ዓመታት አንባቢው ይጨምር ነበር።

ከ2014 በኋላ ቁልቁለቱ ቆመ። በ2020 ዓለም በኮቪድ ምክንያት ቤቱ ሲውል ቁጥሩ ትንሽ ከፍ አለ። ከዚያ ወዲህ በ30 ሺዎቹ ውስጥ፣ አንዳንዴም 40 ሺህ አካባቢ ይዋልላል። "ዊኪፒዲያ እየሞተ ነው" የሚለው ርዕስ በየጊዜው ይወጣል። አልሞተም። ግን ወደ 2007ም አልተመለሰም።

ሰዎቹ ሰልችቷቸው ሄዱ ማለት ነው?

አብዛኛው ሰው የሚገምተው ይህን ነው። ትዳር ያዙ፣ ልጅ ወለዱ፣ ሥራ በዛባቸው፣ ሄዱ። ይህ እውነት ነው፤ ግን ሁልጊዜም የነበረ እውነት ነው። በበጎ ፈቃድ የሚሠራ ሰው ይመጣል፣ ይሄዳል።

አሮን ሃልፌከር የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ የዊኪፒዲያን የአሥር ዓመት መዝገብ ፈትሸው በ2013 አንድ ጥናት አወጡ። በእኔ አስተያየት እስካሁን ነገሩን በደንብ ያስረዳው ይህ ጥናት ነው። ያዩት እንዲህ ነው። ችግሩ የነባሮቹ መሄድ አልነበረም። የሚሄዱትን የሚተኩት አዲሶች አልቆይ አሉ። ቀድሞ ከመጡት አዲሶች ውስጥ የተወሰነው ቀርቶ ነባር ይሆን ነበር። ከ2006 በኋላ የሚመጣው ሰው አንድ ሁለቴ ሞክሮ ይጠፋል።

"ምናልባት በኋላ የመጡት ቀልደኞችና አበላሾች ይሆኑ" ይባል ይሆናል። ይህንንም አይተውታል። በቅን ልቦና ሊያግዝ የሚመጣው አዲስ ሰው ድርሻ ከ2006 ወዲህ ያን ያህል አልተለወጠም። የተለወጠው የሚጠብቃቸው አቀባበል ነው።

ደቦ የወጣ ሰው ይህን ይረዳዋል። አዝመራ ሲደርስ ማጭድ ያለው ሁሉ ይጠራል። ማጨድ የማያውቅ ልጅ ከአንድ ጎበዝ አጠገብ ይቆማል። እያየ፣ እየሳተ፣ እየተቀለደበትም ይለምዳል። በሚቀጥለው ዓመት እሱም ሌላውን ያሳያል። ዊኪፒዲያ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት እንዲህ ነበር። በኋላ ግን ልጁ ገና የመጀመሪያዋን ነዶ ሲያስር፣ ማንነቱን የማያውቀው ሰው ከማሳው ዳር መጥቶ ነዶውን ፈትቶ በትኖበት ይሄዳል። ለምን እንደፈታበት የሚገልጽ ወረቀት ትቶለት ነው የሚሄደው። ወረቀቱን ለማንበብ ግን ማጨድ ማወቅ ያስፈልጋል።

እንዲህ እንዲሆን ያደረገው ምንድን ነው?

ክፋት አይደለም። ፍርሃት ነው፤ ፍርሃቱም ምክንያት ነበረው።

በሜይ 2005 አንድ ሰው ለቀልድ ብሎ ስለ ጆን ሲገንታለር የሐሰት ታሪክ ጻፈ። ሲገንታለር የታወቁ አሜሪካዊ ጋዜጠኛ ነበሩ፤ በአንድ ወቅት የሮበርት ኬኔዲ ረዳት ነበሩ። ጽሑፉ ደግሞ በኬኔዲ ወንድማማቾች ግድያ ተጠርጥረው ነበር ይላል። ለአራት ወር ያህል ማንም ሳይነካው ተቀመጠ። ሲገንታለር ሲደርሱበት በኖቬምበር 2005 ዩኤስኤ ቱዴይ ላይ ጻፉበት። ትልቅ ውርደት ሆነ። በሚቀጥለው ወር የእንግሊዝኛው ዊኪፒዲያ አካውንት የሌለው ሰው አዲስ ገጽ እንዳይከፍት ከለከለ።

በዚያው ጊዜ የጎብኚው ቁጥር ሰማይ ነክቷል። ስድብ የሚለጥፈው፣ ገጹን ባዶ የሚያደርገው፣ የድርጅቱን ማስታወቂያ የሚያስገባው በየደቂቃው ነው። ጥቂት ነባር አርታኢዎች ይህን በዓይን እያዩ በእጅ ማጽዳት አልቻሉም። ስለዚህ መሣሪያ ሠሩ።

አንዱ መሣሪያ ቦት ነው። ቦት ማለት ያለ ሰው እጅ በራሱ የሚሠራ ፕሮግራም ነው። ከ2010 ጀምሮ የሚሠራው ክሉቦት ኤንጂ አዲስ ለውጥ ሲገባ ያነበዋል። ማበላሸት ነው ብሎ ከገመተ በሰከንዶች ውስጥ ይመልሰዋል። በ2008 የወጣው ሃግል ደግሞ ሰው የሚነዳው ነው። ለውጦቹን አንድ በአንድ በስክሪኑ ላይ ያሳልፍለታል። ጠባቂው ካልጣመው አንድ ቁልፍ ይጫናል። ለውጡ ይመለሳል፣ ማስጠንቀቂያው ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ስለሆነ በራሱ ይላካል፣ የሚቀጥለው ይመጣል። በጣም ፈጣን ነው። ክፋቱም ፍጥነቱ ነው። አንድ ለውጥ ላይ ጥቂት ሰከንድ የሚያሳልፍ ሰው ተንኮለኛውን ካላዋቂው ለመለየት ጊዜ የለውም።

በቅርብ እንየው። አንዲት የገጠር ከተማ መምህርት አሉ እንበል። ስለ ከተማቸው የተጻፈውን የእንግሊዝኛ ገጽ ያነባሉ። ገጹ የገበያው ቀን ቅዳሜ ነው ይላል። መምህርቷ ተወልደው ያደጉበት ነው፤ ገበያው ማክሰኞ እንደሚቆም ያውቃሉ። ማረሚያውን ተጭነው አንዲቷን ቃል ይለውጣሉ። ምንጭ አልጠቀሱም። ከየት ያምጡት? የገበያ ቀን በመጽሐፍ አይጻፍም፤ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው። ሻይ አፍልተው ሳይመለሱ ገጹ እንደገና "ቅዳሜ" ሆኗል። መልእክት ደርሷቸዋል። ለውጡ ምንጭ ስለሌለው እንደተመለሰ ይነግራቸዋል፤ "ደብሊውፒ፡አርኤስ" እና "ደብሊውፒ፡ኦአር" የሚባሉ ነገሮችን እንዲያነቡም ይመክራል። ሲከፍቷቸው እያንዳንዳቸው ስንት ገጽ የሆነ ደንብ ናቸው፤ በውስጣቸው ደግሞ ወደ ሌላ ደንብ የሚወስዱ ምህጻሮች አሉ። መምህርቷ ኮምፒዩተሩን ይዘጋሉ። ገበያው ማክሰኞ ይቆማል፤ ዊኪፒዲያ ላይ ግን ቅዳሜ እንደሆነ ቀረ።

የመለሰው ሰው አጥፍቷል? በደንቡ ከሄድን አላጠፋም። ያለ ምንጭ የሚገባ ነገር ሁሉ ይቀመጥ ከተባለ የሲገንታለር ታሪክ ይደገማል። ለዚህ ነው ጉዳዩ አስቸጋሪ የሆነው። በዚህ ታሪክ ውስጥ ሁሉም ትክክል ነው፤ ሰው ግን ጠፍቷል።

በካሊፎርኒያ ፓሎ አልቶ የሚገኘው ፓርክ የተባለ የምርምር ማዕከል በ2009 አንድ ቁጥር አውጥቶ ነበር። በወር አንድ ጊዜ ብቻ ብቅ የሚሉ ሰዎች ከሚያደርጉት ለውጥ ውስጥ ከአራት አንዱ ይመለስ ነበር። በ2003 ከአሥር አንዱ ነበር።

ሥራው አልቆ ይሆን እንጂ?

ይህ ሌላው መላምት ነው፤ ውስጡም እውነት አለው። በ2002 ዊኪፒዲያ ላይ ስለ ዝሆን የሚጽፍ ይፈለግ ነበር። ዛሬ ዝሆን ተጽፏል፣ ፀሐይ ተጽፏል፣ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በመቶዎች ገጽ ተጽፏል። የእንግሊዝኛው ከ7 ሚሊዮን በላይ ጽሑፍ አለው። የቀረው ወይ በጣም ልዩ ዕውቀት የሚጠይቅ ነው፣ ወይ አሰልቺ የጥገና ሥራ ነው። የሕዝብ ቁጥር ማደስ፣ የሞተ ሊንክ መፈለግ፣ የተሾመውን ከንቲባ ስም መቀየር ማንን ያጓጓል?

ግን ይህ ብቻውን አያስኬድም። ሥራው አልቆ ቢሆን ኖሮ ያልተጻፈላቸው ርዕሶች በሁሉም አቅጣጫ እኩል ያንሱ ነበር። አልሆነም። ስለ ጃፓን አኒሜሽን ገጸ ባሕርያት ገጽ ሞልቷል፤ ስለ አፍሪካ ወረዳዎች ግን ሁለት መስመር ነው ያለው። በ2010 ይፋ የሆነ ጥናት ከአርታኢዎቹ ውስጥ ሴቶቹ 13 በመቶ ገደማ ብቻ መሆናቸውን አሳይቷል። ሥራው ያለቀው ቀድሞ በመጡት ሰዎች ፍላጎት ልክ ነው።

ታዲያ ደንቡን ለምን አያቀሉትም?

ደንቡን የሚለውጡት ራሳቸው ነባሮቹ ናቸውና። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ደንብ ማውጣት ቀላል ነበር። ጥቂት ሰዎች ይነጋገራሉ፣ ይስማማሉ፣ ይጽፉታል። ከ2006 ገደማ በኋላ ግን ነባሩ ደንብ እንደ ድንጋይ ረጋ። እሱን ለመንካት ብዙ ሰው ማስማማት ያስፈልጋል። ያ ሁሉ ሰው ደግሞ ደንቡን የለመደውና የሚያውቀው ነው። የከበደው ሰው ቀድሞ ሄዷል፤ ድምፅ የለውም።

የአስተዳዳሪዎችን ጉዳይ ተመልከቱ። አስተዳዳሪ ማለት ገጽ መሰረዝና ጥፋተኛን ማገድ የሚችል በጎ ፈቃደኛ ነው። ዕጩው ለአንድ ሳምንት በአደባባይ ይጠየቃል። ከዓመታት በፊት የጻፈው አንድ ቃል ሳይቀር ይመዘዛል። በ2007 በእንግሊዝኛው ዊኪፒዲያ ከ400 በላይ አዲስ አስተዳዳሪዎች ተሾመዋል። በ2018 የተሾሙት 10 ናቸው። ፈተናው እንዲህ ሆኖ ማን ይወዳደር! በ2024 ድምፅ በምስጢር የሚሰጥበት ምርጫ ሞከሩ፤ በአንድ ጊዜ 11 ሰው አለፈ።

ፋውንዴሽኑ ከውጭ ለማቃለል ሲሞክርም አይቀናውም። በ2010 ባወጣው የአምስት ዓመት ዕቅድ በሁሉም ቋንቋዎች ያሉትን ንቁ አርታኢዎች 200,000 አደርሳለሁ ብሎ ነበር። አልደረሰም፤ ወደዚያ እንኳን አልተጠጋም። በ2013 ቪዥዋል ኤዲተር የሚባል፣ እንደ ዎርድ የሚያጽፍ መሣሪያ ለሁሉም ሰው ከፈተ። ሐሳቡ ደግ ነበር። ቀድሞ አርታኢው ቅንፍና ኮከብ የበዛበት ኮድ ውስጥ ነበር የሚጽፈው። መሣሪያው ግን ስህተት ሞልቶበት ወጣ። ነባሮቹ ተቆጡ። በጥቂት ወራት ውስጥ የፈለገ ብቻ እንዲጠቀምበት ተደረገ።

ሰው ሲጎድል ምን ይመጣል?

በእንግሊዝኛው ላይ ጉዳቱ ቀስ እያለ ነው የሚታየው፤ ገጾች ያረጃሉ፣ ወረፋ ይረዝማል። በትናንሾቹ ቋንቋዎች ላይ ግን ጉዳቱ ወዲያው አፍጥጦ ይመጣል።

የስኮትስ ቋንቋ ዊኪፒዲያን እንውሰድ። በ2020 አንድ ነገር ተጋለጠ። ከጽሑፎቹ ውስጥ ከ20 ሺህ በላዩን የጻፈው ቋንቋውን በቅጡ የማያውቅ አሜሪካዊ ወጣት ነበር። የጀመረው ገና በ12 ዓመቱ ነው። ተንኮል አልነበረበትም፤ የሚያግዝ መስሎት ነው። ለዓመታት ማንም አልያዘውም፤ የሚይዝ ሰው አልነበረማ።

የክሮኤሽያኛው ደግሞ ሌላ ነው። ለአሥር ዓመት ያህል ጥቂት ቀኝ አክራሪ አስተዳዳሪዎች ተቆጣጥረውት የፋሺስት ዘመንን ታሪክ አለሳልሰው ሲጽፉ ኖሩ። የሚቃወመውን ያግዱታል። ፋውንዴሽኑ ያስጠናው ሪፖርት በ2021 ይፋ ሆነ። ሰው ባነሰበት ቤት አምስት ስድስት ሰው ከተስማማ መንግሥት ነው።

የግሪንላንድኛው በ2025 እንዲዘጋ ተወሰነ። ቋንቋውን የሚናገር አርታኢ እምብዛም የለውም፤ አብዛኛው ጽሑፍ በማሽን ተተርጉሞ የገባ ትርጉም የለሽ ነገር ሆኖ ተገኘ። አደጋው ከዊኪፒዲያ ያልፋል። የኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) ፕሮግራሞች ትናንሽ ቋንቋዎችን የሚማሩት በአብዛኛው ከዊኪፒዲያ ነው። ማሽኑ የጻፈውን ስህተት ማሽኑ ይማረዋል፤ መልሶ ለሌላው ያስተምራል።

አማርኛውስ?

የአማርኛው ውክፔዲያ ብዙ ዓመት አስቆጥሯል። ያሉት ጽሑፎች 15 ሺህ ገደማ ናቸው፤ ብዙዎቹ ጥቂት መስመር ብቻ ናቸው። አማርኛን በአፍ መፍቻነት ብቻ ከ30 ሚሊዮን በላይ ሰው ይናገረዋል። የስዋሂሊውና የሃውሳው በጽሑፍ ብዛት በብዙ እጥፍ ይበልጡታል። ስለዚህ የኛ ጉዳይ ማሽቆልቆል አይባልም። ከመጀመሪያውም ሽቅብ አልወጣም።

ለምን? አማርኛ የሚጽፍ ሰው ጠፍቶ አይደለም። ቴሌግራም ላይ ታሪክ፣ ሕክምና፣ ሕግ፣ ግብርና በነጻ የሚጽፍ ሰው ሞልቷል። ፌስቡክ ላይ ስለ አንድ የአድዋ አርበኛ አሥር አንቀጽ የሚለቅ አለ። ያው በጎ ፈቃደኝነት ነው። ልዩነቱ እዚያ ስሙ ይታያል፤ አድናቂ ያገኛል፤ "እግዜር ይስጥልን ወንድሜ" የሚለው አይጠፋም። ዊኪፒዲያ ላይ ስምህ ከገጹ አናት አይቀመጥም። የጻፍከውን ነገ ሌላው ይቆርጠዋል። ለምን ይመረጣል? እውነቱን ለመናገር መልስ ያለኝ አይመስለኝም፤ ምናልባት አንድ ብቻ፦ የቴሌግራሙ ጽሑፍ በሳምንቱ ከሥር ተቀብሮ ይጠፋል፣ የዊኪፒዲያው ግን በፍለጋ ይገኛል።

ቴክኒካዊ ጣጣውም ቀላል አይደለም። ብዙው ሰው ያለው ስልክ ነው፤ ረጅም ጽሑፍ ከነምንጩ በስልክ ማዘጋጀት ጣት ያደክማል። የአፍሪካ የሞባይል ኢንተርኔት ብዙ ደንበኛን በአንድ አድራሻ ስለሚያወጣ፣ አንዱ ባጠፋው ሌላው ታግዶ ያገኘዋል። ምንጭ የሚለው ነገርም አለ። ስለ አንድ አዝማሪ ወይም ስለ አንድ ገዳም የተጻፈው መጽሐፍ ኢንተርኔት ላይ የለም፤ አንዳንዴ እንዲያውም ያለው በሽማግሌዎች አፍ ብቻ ነው። የፊደሉም አለ። አንዱ "ሐኪም" ብሎ ይጽፋል፣ ሌላው "ሀኪም" ይላል። ፈላጊው በአንዱ ሲሞክር በሌላው የተጻፈው ገጽ ሊያመልጠው ይችላል፤ የለም ብሎ ሁለተኛ ገጽ ይከፍታል። ጥቂቱ ጉልበት እንዲህ ይባክናል።

ኤአይ ነገሩን ያባብሰው ይሆን?

በአንድ በኩል አዎ። ብዙ አርታኢ የጀመረው አንባቢ ሆኖ ነው። ገጹን ያነባል፣ ስህተት ያያል፣ እጁ ያሳክከዋል፣ ያርማል። መልሱን ከቻትቦት ያገኘ ሰው ግን ገጹን አይቶት አያውቅም። ስህተት ቢያይ እንኳ የት ገብቶ ያርማል? ማረሚያው እዚያ የለም። ቻትቦቶቹ ደግሞ ዕውቀታቸውን የቀዱት በከፊል ከዚሁ ከዊኪፒዲያ ነው። የፋውንዴሽኑ ስጋት ይህ ነው፤ 8 በመቶዋን ያወጣትም ለዚህ ነው።

በሌላ በኩል የ2007ቱ ቁልቁለት የመጣው ኤአይ ሳይኖር፣ አንባቢው እየጨመረ ሳለ ነው። ስለዚህ ሁሉንም በኤአይ ላይ መለጠፍ አያዋጣም። አንባቢ ቢመለስም የመምህርቷ ታሪክ የሚደገም ከሆነ ለውጥ የለውም።

ተስፋ የሚሰጡ ሙከራዎች አሉ። በ2012 "የሻይ ቤት" የሚል ስም የተሰጠው የመጠየቂያ ገጽ ተከፈተ። አዲስ ሰው ያሻውን ይጠይቃል፤ ሰው ነው የሚመልስለት፣ በቀላል ቋንቋ። ወደዚያ የተጋበዙ አዲሶች ካልተጋበዙት ይልቅ የመቆየት ዕድላቸው ከፍ ያለ ሆኖ ተገኝቷል። ከ2019 ወዲህ ደግሞ አዲስ አካውንት የከፈተ ሰው በብዙ ቋንቋዎች የራሱ መነሻ ገጽ ይሰጠዋል። ቀላል ቀላል ሥራ ይመረጥለታል፤ የሚጠይቀው ነባር አርታኢም ይመደብለታል። የደቦው ጎበዝ ተመለሰ ማለት ነው።

እኔ ልሞክር ብልስ?

አካውንት ይክፈቱ፤ ኢሜይል መስጠት እንኳን ግዴታ አይደለም። በእንግሊዝኛው ላይ ከሆነ አዲስ ገጽ በቀጥታ ለመክፈት አካውንቱ 4 ቀን፣ ለውጥዎም 10 መሙላት አለበት። አዲሶች በብዛት የሚመቱት እዚህ ጋ ነው፤ የመጀመሪያ ሥራቸው ስለ ራሳቸው፣ ስለ ድርጅታቸው ወይም ስለ ዘመዳቸው ገጽ መክፈት ይሆናል። ይሰረዛል። ይልቅ ያለውን ገጽ ያርሙ። አንድ ዓረፍተ ነገር፣ ከአንድ ምንጭ ጋር። ጋዜጣ፣ መጽሐፍ ወይም የመንግሥት ሪፖርት ይሆናል፤ በአማርኛ የታተመም ይቆጠራል። ከማስቀመጥዎ በፊት ከታች ባለችው ሳጥን ምን እንደለወጡና ለምን እንደለወጡ በአጭሩ ይጻፉ። ባዶ የተተወ ሳጥን ጠባቂውን ያስጠረጥራል።

በአማርኛው ላይ ደግሞ አዲስ ገጽ ከመክፈትዎ በፊት ርዕሱን በሁለት በሦስት አጻጻፍ ይፈልጉት። ለውጥዎ ቢመለስብዎት መልሰው አይለጥፉ። እያንዳንዱ ጽሑፍ የውይይት ገጽ አለው፤ እዚያ ገብተው የመለሰውን ሰው ምክንያቱን ይጠይቁት። ሃግል ላይ ተቀምጦ ቁልፍ ሲጫን የነበረው ሰው ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ ይመልሳል፤ እሱም ለካ በጎ ፈቃደኛ ነው።